ጸሎቱና ጾሙ ጠባይን እንዲነኩ፦ ሥራ ለሚውል ምእመን የሚሆን መመሪያ

ጾሙን ይጾማሉ፤ እሑድ ያስቀድሳሉ፤ የወሩን የሚካኤልና የማርያም በዓል አያጓድሉም። ቤት ሲገቡ ግን ቁጣው ያው ነው፤ መሥሪያ ቤት ሲውሉም ሐሜቱ አልቀረም። በየጽዋ ማኅበሩና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ «ይህን ሁሉ እያደረግሁ ጠባዬ ለምን አልተለወጠም?» እኔ እንደማየው ብዙዎቻችን የጎደለን የጸሎት ብዛት አይደለም። ጸሎቱን ለብቻው፣ ጠባዩን ለብቻው አድርገን ስለምንኖር ሁለቱ ሳይገናኙ ዓመቱ ያልቃል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሥራ ለሚውሉ፣ ልጅ ለሚያሳድጉ፣ በታክሲ ሰልፍና በስልክ ጥሪ ቀናቸው ለሚያልቅ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ነው። ዋናው ሐሳቡ አንድ የታወቀ ጠባይ መርጦ ጸሎቱንም፣ ጾሙንም፣ ምጽዋቱንም ወደዚያ ማዞር ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ በምሳሌነት የያዝሁት አንደበትን ነው፤ ቁጣው፣ ሐሜቱ፣ ውሸቱ፣ መሐላው ሁሉ በእርሱ ስለሚወጣ። የእርስዎ ሌላ ከሆነ መንገዱ ብዙም አይለይም።

የሚያስፈልግዎ ጥቂት ነው፦ የንስሐ አባት፣ መዝሙረ ዳዊት ከውዳሴ ማርያም ጋር፣ አዲስ ኪዳን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚህ ሌላ ትዕግሥት ያሻል። በአንድ ዐቢይ ጾም ተጀምሮ እስከሚቀጥለው ዐቢይ ጾም የሚቆይ ትዕግሥት ይያዙ፤ በሁለት ሳምንት የሚለወጥ ጠባይ እምብዛም አይገኝም።

1. ከንስሐ አባትዎ ይጀምሩ

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የጸሎት መጽሐፍ ይገዛል፤ ካህን ዘንድ የሚሄደው መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። ሰው የራሱን ልክ ራሱ ሲወስን ወይ ከአቅሙ በላይ ይሸከምና በሳምንቱ ይጥለዋል፣ ወይ የማይከብደውን ብቻ ይመርጣል። የሚያውቅዎ አባት ግን ሥራዎን፣ ጤናዎን፣ ትዳርዎን አይተው ልክዎን ይነግሩዎታል።

የንስሐ አባት ከሌለዎ በአጥቢያዎ ካሉት ካህናት መካከል ይፈልጉ። በስብከት ዝናቸው አይምረጡ። ሲፈልጓቸው የሚገኙ፣ ሰምተው የሚታገሡ፣ ምስጢር የሚጠብቁ ቢሆኑ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርቡ የሥራ ሰዓትዎን፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ እርሱን፣ የቤትዎን ሁኔታ በግልጽ ይንገሯቸው።

ስለ ኑዛዜው ጥቂት ልዘርዝር፤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። «አባቴ፣ ያልሠራሁት ኃጢአት የለም» ብሎ ማለፍ ትሕትና ይመስላል፤ ካህኑ ግን ምኑን ይዘው ይምከሩ? ድርጊቱን በስሙ ይጥሩት። «ባለፈው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬን በሌለችበት ሌባ ብያታለሁ፤ ማስረጃ የለኝም» ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ስሕተት የሌላውን ኃጢአት መናዘዝ ነው፤ ባሌ እንዲህ ስላለኝ፣ አለቃዬ እንዲህ ስላደረገኝ እየተባለ ሰዓቱ ይሄዳል። የእርስዎን ድርሻ ብቻ ይናገሩ። ሦስተኛው፣ ቀኖናው ሲከብድ አባት መቀየር ነው። ከከበደዎ ተመልሰው ይንገሯቸው፤ ቀኖና ለመዳኛ የተሰጠ በመሆኑ እንደ አቅም ይቀለላል።

የንስሐ አባትን ለጸበል ርጭት፣ ለፍትሐትና ለተዝካር ብቻ የሚጠራ ቤት ብዙ ነው። እርስዎ ቢያንስ በየሁለት ወሩ ቀጠሮ ይያዙ። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና ቤተ ክርስቲያን መሄድ የማይችሉ እኅቶች ምክር በስልክ መጠየቅ ይችላሉ፤ ኑዛዜውን በምን ጊዜና በምን መንገድ እንደሚፈጽሙ ግን ከዚያው ከአባታቸው ጋር ይወስኑ።

2. አንድ ጠባይ ይምረጡ

«ጥሩ ክርስቲያን መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ሐሳብ ለሥራ አይመችም። ምን እንደሚያርሙ ለማወቅ ሦስት ቦታ ይመልከቱ። የመጀመሪያው ከእርስዎ በታች ካሉት ጋር ያለዎት አኳኋን ነው፤ ከቤት ሠራተኛዋ፣ ከልጆች፣ ከጥበቃው፣ ከአስተናጋጁ ጋር። ለአለቃችን ሁላችንም ትሑት ነን፤ ጠባያችን የሚታየው መልስ ሊሰጠን በማይችል ሰው ፊት ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ብድር መመለስ፣ ሚዛን፣ የደረሰኝ ነገር። ሦስተኛው ስልክዎን ይዘው ብቻዎን ሲሆኑ የሚያዩትና የሚጽፉት ነው።

ካዩ በኋላ የትዳር ጓደኛዎን ወይም የልብ ወዳጅዎን ይጠይቁ፤ «ከእኔ ጠባይ የትኛው ነው የሚጎዳችሁ?» መልሱ ሲመጣ አይከራከሩ፤ ሰምተው ያመስግኑ። ያገኙትን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና አንዱን ብቻ ይያዙ። ሁለት ሦስት መያዝ የተለመደ ስሕተት ነው። ሁሉንም የጀመረ ሰው ሲደክመው አንዱንም ሳይጨርስ ይተዋል።

3. ትንሽ የማይቋረጥ ጸሎት ይያዙ

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ አይሞክሩ። ለሥራ ሰው የሚመቸው በነግህና በንዋም፣ ማለት ከቤት ከመውጣትና ከመኝታ በፊት መጀመር ነው።

ጠዋት ቀድመው ይነሡ፤ ፊትዎን ይታጠቡ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቁሙ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዳዊት አንድ መዝሙር ያድርሱ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ ማድረስ አይከብድም። መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ዐሥር ዐሥር መዝሙር በያዙ 15 ንጉሦች የተከፈለ ነው፤ በቀን አንድ ንጉሥ የሚደርሱ አሉ፤ እርስዎ ግን አንድ መዝሙር ለስድስት ወር ሳይቋረጥ ከቆየ በኋላ አባትዎን ጠይቀው ይጨምሩ። ግእዙ የማይገባዎ ከሆነ በአማርኛ ይጸልዩ፤ የሚሉትን ማስተዋል ይበልጣል።

መጨረሻ ላይ በራስዎ ቃል አንድ ልመና ያክሉ። በዚህ ልመና ነው ጸሎቱ ከጠባዩ ጋር የሚገናኘው። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ከእገሌ ጋር ስብሰባ አለኝ፤ አንደበቴን ጠብቅልኝ» ይበሉ። ሰውን በስሙ፣ ሰዓቱን በሰዓቱ ይጥቀሱ። ጠዋት በስሙ የጸለዩለትን ሰው ከሰዓት በኋላ መስደብ ከባድ ነው። ቀትር ላይ፣ ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት፣ ወንበርዎ ላይ እንደተቀመጡ በልብዎ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይበሉና ያንኑ ልመና ይድገሙ።

የሚያደናቅፉ ነገሮች አሉ። የጸሎት መጽሐፉ ስልክዎ ላይ ከሆነ ኢንተርኔቱን ዘግተው ይክፈቱት፤ አለዚያ የቴሌግራሙ መልእክት ይቀድማል። አንድ ቀን ቢያመልጥዎ የትናንቱን ከዛሬው ጋር ደርበው ለማካካስ አይሞክሩ፤ ዕዳ ይሆንና ያስጠላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «ትናንት ክፉ ተናግሬ ዛሬ በምን ፊት እቆማለሁ» ብሎ መቅረት ነው። በበደሉ ማግስት የሚቆሙት ጸሎት ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ያስፈልግዎታል፤ እባክዎ አያስቀሩት።

4. ለጠባይዎ የሚሆነውን ቃል ያንብቡ

መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ መልካም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከሕመሙ ጋር የሚገናኘውን ይምረጡ። ለአንደበት የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 እና የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እስከ 7 አሉ፤ መጽሐፈ ምሳሌም በዚህ የተሞላ ነው። አንድ ክፍል ለአንድ ሳምንት፣ በየቀኑ ደጋግመው ያንብቡ። ያልገባዎን በራስዎ አይተርጉሙ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ወይም ካህን ይጠይቁ። ሲያነቡ «ይህ ለእገሌ ነው የሚሆነው» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ቆም ብለው ወደ ራስዎ ይመልሱት።

5. የሥራ ቀንን ጾም በጥንቃቄ ያዘጋጁ

ረቡዕና ዓርብ፣ ከበዓለ ሃምሳ ወቅት በቀር፣ ዓመቱን ሙሉ ከእርስዎ ጋር ናቸው፤ ስለዚህ ጠባይን ለመግራት ከእነርሱ የተሻለ የልምምድ ቀን አይገኝም። ጾም ሰውነትን ሲያደክም የተሸሸገው ቁጣ ይወጣል። ይህ ሲሆን አይደንግጡ፤ በሽታው የት እንዳለ ታየ ማለት ነው። ነገር ግን መዘጋጀት ይቻላል። ቡና የለመደ ሰው ጠዋት ሳይጠጣ ሲውል ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፤ ከጾሙ ቀን በፊት ባሉት ቀናት መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሱ። የዋዜማውን ሌሊት በጊዜ ይተኙ። ከባድ ንግግርና ክርክር የሚጠይቅ ሥራ ካለ በተቻለ መጠን ጠዋት ይጨርሱት። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ አባትዎ ይወስኑልዎ።

በዚያ ቀን አንደበትዎም ይጹም። አባቶች ዓይን፣ ጆሮና አንደበት ከሆድ ጋር እንዲጾሙ አጥብቀው ያስተምራሉ። ለረቡዕና ለዓርብ አንድ የተወሰነ ነገር ይከልክሉ፤ ለምሳሌ ስለ ሌለ ሰው ምንም አለመናገር፣ መልካምም ቢሆን። ሁለት ቀን የያዘ አንደበት በሌላውም ቀን መታዘዝ ይጀምራል።

ሦስት ነገር ይጠብቁ። የጾሙን ማዕድ ከፍስኩ ይልቅ አያስውቡ፤ ቀለል አድርገው ከምሳው የተረፈውን ገንዘብ ለችግረኛ ያስቀምጡ። ያልጾመውን አይዩ፤ «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» በሚል ክርክር የተጣሉ ወዳጆች አሉ፤ ጥያቄውን ለካህን ያቅርቡና ዝም ይበሉ። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከሆኑ ሳይጠይቁ አይጹሙ፤ ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎንም ይስሙ።

6. ቀኑን ያስቡበት፦ ቡናው፣ ስልኩ፣ ቤቱ

የጠዋቱ ልመና የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይወስኑ። ነገሩ ከመጣ በኋላ የሚታሰብ ነገር ብዙ ጊዜ አይሳካም።

ቡና ላይ ሐሜት ሲነሣ ተነሥተው አይስበኩ። ጎረቤትን ያሳፍራሉ፤ ራስዎንም ለትዕቢት ያጋልጣሉ። ይልቁን ጥያቄውን ያዙሩት፤ «እንግዲህ ምን እንርዳት? ማን ሄዶ ያናግራት?» ብለው ይጠይቁ። ከልብ የሚያዝን ካለ ወደ መርዳት ይሄዳል፤ ለወሬ ብቻ ከነበረም ወሬው ይቆማል። ካልቆመ ሲኒ ለማንሣት፣ ውኃ ለማምጣት ተነሥተው ይውጡ። ዝም ብሎ መስማትም ድርሻ መያዝ እንደሆነ ያስታውሱ።

ሲቆጡ አይጻፉ። ከአፍ የወጣ ቃል በሰሚው ልብ ይቀራል፤ የተጻፈው ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ሲላክ ያድራል። መልሱን ለነገ ያሳድሩት። ልጅዎን በተቆጡበት ሰዓት አይቅጡ፤ ክፍልዎ ገብተው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይበሉ፤ ከዚያ ተመልሰው በዝቅተኛ ድምፅ ይናገሩ።

ትንንሽ ውሸቶችን ያቁሙ። ገና ጫማ ሳያደርጉ «መንገድ ላይ ነኝ»፣ ስልኩን አይተው ትተው ሲያበቁ «አላየሁትም» እያሉ መልመድ ለትልቁ ውሸት ያዘጋጃል። «ገና አልወጣሁም፣ ይቅርታ፣ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» ማለት ይቻላል። መሐላውም እንዲሁ ነው። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ «ማርያምን!»፣ ለተረሳ ቁልፍ «ሚካኤልን!» እንላለን፤ ጌታ ግን በተራራው ስብከቱ ፈጽሞ እንዳንምል አዝዞናል። ቅዱሳኑን እየወደድናቸው ስማቸውን በከንቱ መጥራታችን ያሳዝነኛል። በቤትዎ ስምምነት ያድርጉ፤ የማለ ሰው ሌላው ሲያስታውሰው ያማትብና ቃሉን ያለ መሐላ ይድገም።

ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ያለውን ነገር ለብቻው ያንሡት። ደመወዟ ቀኑን ይጠብቅ፤ እርስዎ ከሚበሉት ትብላ፤ እሑድ ለቅዳሴ ጊዜ ይሰጣት፤ በስሟ ይጥሯት። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቤት ጥለናት የምንሄድ ከሆነ፣ ቅዳሴው ለእርሷም እንደሆነ ረስተናል።

7. ሲሳሳቱ በዕለቱ ይታረቁ

ይሳሳታሉ። ዋናው ከስሕተቱ በኋላ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሐዋርያው በቁጣ ላይ ፀሐይ እንዳትጠልቅ መክሯል፤ ይህን ቃል በቃል ይያዙት፤ ከመኝታ በፊት ይሂዱ ወይም ይደውሉ።

ይቅርታ ሲጠይቁ ያደረጉትን በስሙ ይናገሩ፤ «ሰው ፊት ስለ ጮኽሁብህ ይቅር በለኝ።» «አንተም ብትሆን እኮ» የሚል አይጨምሩ፤ ያችን ያሉ እንደሆነ ሙግቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። በሐሜት የሰው ስም አጥፍተው ከሆነ የነገሩት ሰው ዘንድ ተመልሰው «ያልሁት እውነት አልነበረም» ይበሉ፤ ይህ ከባዱ ክፍል ነው፤ ሆኖም የተጎዳው ስም የሚመለሰው በዚህ ብቻ ነው። በገንዘብ ከበደሉ ገንዘቡን ይመልሱ፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በቤቱ ጌታን በተቀበለ ቀን ነው። ጠቡ ከቆየና ከከረረ ሽማግሌ ይላኩ፤ የንስሐ አባትዎም ሊያስታርቁ ይችላሉ።

ለልጅዎና ለሠራተኛዎም ይቅርታ ይጠይቁ። ክብር ይቀንሳል ብለው የሚፈሩ ወላጆች አሉ። ልጅ ይቅርታን የሚማረው ሲጠየቅ አይቶ ነው።

በጾም መግቢያ ዋዜማ ለሁሉም የሚላከው «አውቄ በድፍረት፣ ሳላውቅ በስሕተት» የሚል መልእክት ልማዱ አይከፋም፤ ነገር ግን በእውነት የበደሉት ሰው ከመቶዎቹ ጋር አብሮ ስለ ደረሰው ታረቅን አይልም። ለእርሱ ይደውሉ።

8. ምጽዋቱን በደመወዝ ቀን ይለዩ

ወር መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ገንዘብ ስለሌለ ደመወዝ በገባ ቀን ይለዩ። ዐሥራት ከዐሥር አንድ ነው፤ 12,000 ብር ለሚያገኝ 1,200 ብር። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለችግረኛ የሚሰጡት ሌላ ነው። ዐሥራት ጀምረው የማያውቁ ከሆነና ዕዳ ካለብዎ እንዴት እንደሚጀምሩ አባትዎን ያማክሩ። ሲሰጡ ስምዎን አይናገሩ፤ ፎቶም አያንሡ። ያሙትን ወይም የተቆጡትን ሰው የሚያስቸግረው ነገር ካለ ምጽዋትዎን በስውር ወደ እርሱ ያድርጉ፤ ደግ ያደረጉለትን ሰው ለማማት አንደበት ያመነታል።

9. ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቅረቡ

የእስካሁኑ ሁሉ መንገድ ነበር። ብዙ ወጣትና ጎልማሳ ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ብቻ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ዓመታት ሙሉ አስቀድሶ ሳይቀበል ይመለሳል። ይህ ልማድ በጣም ያስጨንቀኛል። ጠባይን የሚለውጠው የእኛ ጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደክመን በቀረን ነበር፤ ኃይሉ የሚመጣው ከሥጋ ወደሙ ነው። «ንጹሕ ስሆን እቀርባለሁ» የሚል ሰው መድኃኒቱን ከዳነ በኋላ ሊወስድ የቀጠረ ነው።

ዝግጅቱ ግን በትክክል ይፈጸም። ኑዛዜና ቀኖና ይቅደም፤ የተጣሉት ካለ ይታረቁ፤ ከመቀበልዎ በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ይጹሙ፤ ባለትዳር ከሆኑ የሚጠበቀውን መታቀብ ከአባትዎ ይረዱና ከባለቤትዎ ጋር ይስማሙ። ነጠላዎን ለብሰው ቅዳሴ ከመጀመሩ በፊት ይድረሱ። ባልና ሚስት አብረው ቢዘጋጁ፣ ልጆቹም አብረው ቢቀበሉ፣ ያ ሳምንት ለቤቱ ሁሉ የዕርቅ ሳምንት ይሆናል። ከተቀበሉ በኋላ የቀረውን ቀን ለጉዞ፣ ለግብዣና ለጫጫታ አይስጡት። ሰኞ ሥራ ላይ የመጀመሪያውን ፈተና እንደሚያገኙም ይወቁ፤ የጠዋቱን ልመና በዚያ ቀን በተለይ አይርሱ።

10. በየማታው ይመዝኑ፣ በየሁለት ወሩ ይንገሩ

በንዋም ጸሎት ላይ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ዛሬ በአንደበቴ ማንን ጎዳሁ? ማንን ጠቀምሁ? ያልታረቅሁት ማን አለ? የመጨረሻው መልስ ካለው ስልኩን ያንሡ። ከዚህ በላይ አይቆፍሩ፤ ራስን ሲያሳድዱ ማደር እንቅልፍ ከመንሣት በቀር አይጠቅምም።

ዕድገትን በስሜት አይለኩ። በጸሎት እንባ መምጣቱ፣ አለመምጣቱ ብዙ አይነግርዎትም። በሦስት ነገር ይለኩት። ከበደሉ እስከ ዕርቁ ያለው ጊዜ አጥሯል? ቀድሞ በሳምንት የሚታረቁት አሁን በዕለቱ ከሆነ እየሄዱ ነው። ቤተሰብዎ ስሕተትዎን ሳይፈሩ ይነግሩዎታል? ስለ ሌላው ሰው ውድቀት ሲሰሙ የሚመጣብዎ ደስታ ነው ወይስ ኀዘን?

በየሁለት ወሩ ቀጠሮ ላይ እነዚህን መልሶች ይዘው ለንስሐ አባትዎ ይቅረቡ። ጸሎት ልጨምር ወይ፣ ቀኖናው ይበቃል ወይ፣ የመረጥሁትን ጠባይ ልያዝ ወይስ ወደ ሌላ ልለፍ የሚለውን እርሳቸው ይወስኑ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች፣ ጥበቃዎችና ሾፌሮች ነግህና ንዋምን ከእንቅልፋቸው በሚነሡበትና በሚተኙበት ሰዓት እንዴት እንደሚያደርሱ በዚያው ቀጠሮ ይጠይቁ። ወደ ሁለተኛው ጠባይ ሲያልፉ የመጀመሪያውን የረቡዕና የዓርብ ልምምድ አይተዉት፤ አንደበት ሲለቁት ቶሎ ይመለሳል።